ቀላሉ ከረጢት

ጁባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይመኙሻል፣

እንዴት ሰነበቱልን? በጁባ ሙቀት ላቤን እየጠረግሁ የእርስዎን ብርድ መጠየቅ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ወደ ጠበሉ ሲሄዱ አንዲት ነጠላ ብቻ መያዝዎ ከሐሳቤ አልወጣም። ጎረቤታችን ሐቢብ ለንግዱ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ጋቢ ልኬልዎታለሁ። እሱ ወደ ጠበሉ ለሚመላለሰው ሾፌር፣ ሾፌሩ ደግሞ ለጠበሉ በር ጠባቂዎች ይሰጣል። ስልክዎን በሩ ላይ እንደተረከቡዎት፣ ተራራው ላይም ኔትወርክ እንደሌለ ሲጽፉልኝ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን ለመድኩት፤ ደብዳቤ መጻፍ ራሱ ደስ ይላል።

«ልጄ የድንጋይ ከረጢት ተሸከምኩ ብላ የጻፈችልኝ ምንድን ነው? አጥፍታ ነው ወይ?» ላሉኝ፣ አላጠፋችም፤ ትምህርት ነው። ዘንድሮ ልጆቹ እያንዳንዳቸው በአካባቢያቸው ላይ የሚያደርሱትን ጫና ራሳቸው እንዲለኩ እያስተማርኳቸው ነው። የፈጁትን ከሰል፣ የጣሉትን የውሃ ፕላስቲክ፣ ጀነሬተር የበራላቸውን ሰዓት፣ ከቦቴ የቀዱትን ውሃ ሳምንቱን ሙሉ እያዩ ይይዛሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ከጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ከለቀምነው ጠጠር እየቆጠርን፣ ከጆንያ በሰፋናት ከረጢት ውስጥ እንጨምራለን። ሰኞ ሰኞ ሁሉም የየራሱን ከረጢት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግቢውን ይዞራል። ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ለልጅ ምንም አይለውም፤ ትከሻው ግን ይገባዋል ብዬ ነው። ከረጢቱ የቀለለለት ልጅ የሳምንቱ ደዋይ ይሆናል፤ ደወሉ የእሱ ነው።

የመጀመሪያው ሰኞ የሉሊት ከረጢት ከሁሉም ከበደ። ለካ የምግብ ቤትዎን ከሰል በሙሉ በራሷ ላይ ቆጥራው ኖሯል። ወንዶቹ «የጁባን ዛፍ የበላች» እያሉ ተከተሏት፤ ቤት ገብታ አለቀሰች። «ቲቸር፣ እኔ መጥፎ ነኝ?» አለችኝ። መጥፎ እንዳልሆነች፣ መቀነስ ግን እንደምትችል ነገርኳት። የምግብ ቤቱ ከሰል የደንበኞች እንጂ የእሷ እንዳልሆነ፣ መለካት ያለባት ራሷ የምትጠቀምበትን ብቻ እንደሆነም አስረዳኋት። ቀለል ያላት መሰለኝ። አብራት የምትቀመጠው ኛቦል ናት፣ ያቺ ጋምቤላ አድጋ የተመለሰችው፣ የማንጋቴን ተፈናቃዮች መጠለያዋ ልጅ፤ አማርኛዋ ከእኛ ይሻላል። የእሷ ከረጢት ሁልጊዜ ቀላል ስለሆነ ደወሉ እሷ ዘንድ ቀርቷል። ሉሊት ደግሞ ደወሉን ካልደወልኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች።

በቤት በኩል አያስቡ። አልጣሽ ማድቤቱን እንደያዘችው ነው። የምንጠጣውን የቦቴ ውሃ የማፍላቱን ሥራ ሉሊት «እኔ ልያዘው» ብላ ተረከበች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቴርሞሴ ሞልቶ ይጠብቀኛል። ተከራይ ሆኜ ገብቼ የልጅዎን አደራ ተቀበልኩ፤ አሁን ደግሞ ልጅዎ እኔን ታስተዳድረኛለች።

ሔርሜላ


ከጠበሉ ቦታ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው የከሰል ዳኛ፣ ለቲቸር ሔርሜላ፣

ጋቢው ደረሰኝ፤ እግዜር ያልብስሽ። ለብሼው ብታዪኝ ባላባት ነው የምመስለው። አጠገቤ የምትተኛዋ ሴትዮ ዓይኗን ጥላበታለች፤ ስሄድ እተውልሻለሁ ብዬ አፏን አዘጋሁ።

ሆዴን ጠይቀሽኛል። አንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንድ ቀን ይብስበታል፤ እንደ ጁባ መብራት ነው። አባቶች ሁለተኛ ሱባዔ ያዢ ብለውኛል። ሐኪሞቹ ያሉኝን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እነሱ እጃቸውን ካነሡ እኔ ከዚህ ወዲያ የት እሄዳለሁ? ለሉሊት ጨጓራ ነው እንዳልናት ይቆይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጄ ምን ብላ ጻፈችልኝ መሰለሽ? «ይሙዬ፣ ደወሉን ደወልኩ!» ከላይ እስከ ታች ስለ ደወል ነው። ከረጢቷ ከኛቦልም ቀለለ አሉ። እኔ ሴትዮዋ ከሰል አታባክኑ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኬ አልጣሽን እንኳ ማሳመን አቅቶኝ ኖሬ፣ አንቺ በአንዲት ከረጢት ጠጠር ቤቱን ገዛሽው! እንዴት እንደቀነሰች ግን አትናገርም፤ «እሱ ምስጢር ነው» ብላ ዘግታዋለች። የሻይ ሱሷን ትታ ይሆናል።

ብቻ በርቺ በያት። እናትሽ ኮርታብሻለች፣ ከዚህም በታች ማውረድ ትችያለሽ ብላለች በያት። የእኔ ልጅ አንዴ ከጀመረች አታቆምም።

ይመኙሻል


ጁባ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይመኙሻል፣

ስለዘገየሁ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐቢብን ባለፈው ባዶ እጁን ነው የሰደድኩት። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ትምህርት ቤቱ እንኳ ለጊዜው ተዘግቷል፤ በከተማው የሆድ በሽታ ገብቷል ስለተባለ ለጥንቃቄ ነው። እኛ ዘንድ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ሉሊትን ጉንፋን ብጤ ይዟት ነበር። እጇ ስለደከማት ከዚህ ጋር ያለውን ደብዳቤ እያለችኝ የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው። ምን ትበላለች ብለው ለጠየቁኝ፣ ሾርባ እየሰጠናት ነው። የሐቢብ ባለቤት ጣሂራ በየቀኑ ትመጣለች፤ ትረዳናለች። ማለቴ ትጠይቀናለች።

«በርቺ» ያሉትን ነግሬያታለሁ። በጣም ደስ ብሏት ነበር።

እባክዎ ሱባዔዎን ሳይጨርሱ እንዳይነሡ። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ለእኔም ይጸልዩልኝ።

ሔርሜላ


ከጠበሉ ቦታ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሔርሜላ፣

ጉንፋን የያዛት ልጅ እጇ አይደክምም፤ አፍንጫዋ ነው የሚፈሰው። ምግብ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የሰው ውሸት ከበር ነው የሚሸተኝ። አንቺ ደግሞ ውሸት አትችዪበትም። «ትረዳናለች፣ ማለቴ ትጠይቀናለች» ይባላል? ሰርዘሽ እንኳ እንደገና አልጻፍሽውም።

ያቺ ደብዳቤስ? «ውድ እናቴ» ትለኛለች? ሉሊት አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ይሙዬ ነው የምትለኝ፤ ዘመድ ሁሉ ተቆጥቷት አልተወችም። ቃሉ የራሷ ነው አልሽኝ። የማን ልጅ ቃል እንደሆነ አላውቅም፣ የእኔ ግን አይደለም።

ሾፌሩን ያዝኩት። ሐቢብ ደብዳቤውን ሲሰጠው ቀና ብሎ አላየውም አለኝ። ሐቢብ! ሰው ካገኘ ቀልድ የማያልቅበት ሰውዬ!

ገብቶኛል፤ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ብላችሁ ነው። ጣሂራ መክራሽ ይሆናል፣ ለሰው አሳቢ ናት። ግን የታመመው ሆዴ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ያቺ አጠገቤ የምትተኛዋ ሴትዮ ባሏ ከተቀበረ ሰነበተ። ግቢው በሙሉ ያውቃል። እሷ ብቻ አታውቅም፤ ብርድ እንዳይመታው እያለች ሹራብ ትሠራለታለች። ሲመሽ «አማረ?» ብላ ታሳየኛለች፤ እኔም ከሁሉ ጋር አብሬ አማረ እላታለሁ። እንደዚያች ሴት አታድርጊኝ።

ልጄ አለች ወይስ የለችም? ሰላምታሽን ተዪው። መጀመሪያው መስመር ላይ ይህችን ብቻ ጻፊልኝ። ሌላውን ከዚያ በኋላ አነባለሁ።

ይመኙሻል


ጁባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አለች።

እትዬ ይመኙሻል፣ ሉሊት አለች። ከዚህ በታች ያለውን እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡት።

ጉንፋን አልነበረም፤ ኮሌራ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጣሽ በረንዳው ላይ አቅፋት ተቀምጣ ትጮህ ነበር። ጠዋት ክፍል ውስጥ ደህና የነበረችው ልጅ ዓይኗ ጎድጉዶ ላውቃት አቃተኝ። ሐቢብ በመኪናው ወደ ሕክምና ድንኳኑ አደረሰን፤ ጣሂራ ከእኔ ጋር እየተፈራረቀች አስታመመቻት። ያንን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ገና ግሉኮስ ክንዷ ላይ ተሰክቶ ነበር። «ውድ እናቴ» ያልኩት እኔ ነኝ። አትንገሪያት ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ጣሂራን ብቻ አይውቀሱ። እኔም መስማት የፈለግሁት ያንኑ ስለነበር እሺ አልኩ።

በቤቱ ከእሷ በቀር የታመመ የለም። ሐኪሙ የምትጠጣው ውሃ ከየት እንደሆነ ጠየቃት። እኔ አጠገቧ ቆሜ መለሰችለት። የእኔን ውሃ ታፈላለች፣ የአልጣሽንም ታፈላለች፤ የራሷን ግን ቦቴው ካራገፈበት በርሜል እንዳለ ቀድታ ትጠጣለች። የፕላስቲክ ውሃ ብትገዛ ፕላስቲኩ ጠጠር አለው፤ ብታፈላ ከሰሉ ጠጠር አለው። የእኔ ውሃ የፈላበት ከሰል ደግሞ የእኔ ነው፣ የእሷ ከረጢት ውስጥ አይገባም። «ቲቸር፣ የራሳችሁን ብቻ ለኩ ብለሽ የለ?» አለችኝ። እሷ ያፈላችልኝን እየጠጣሁ፣ የእርስዎን «በርቺ» ያደረስኩላት እኔ ነኝ።

በሽታው ለቀቃት። ከትምህርቴ ግን አልዳነችም። ድንኳኑ ውስጥ ግሉኮሱ ባለቀ ቁጥር ፕላስቲኩን እያየች «ይሄ ስንት ጠጠር ነው?» ትል ነበር። ነርሷ ቋንቋው አልገባትም፤ በዓረብኛ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለች፣ እያባበለቻት ሌላ ትሰቅልላታለች። አሁን ሆስፒታል አልጋ ላይ ናት። ኩላሊቷ ተጎድቷል። ብዙ ውሃ መጠጣት አለባት፤ ካልጠጣች ኩላሊቷ ይቆማል፣ ልጅቷንም እናጣታለን ብሎ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረኝ። እሷ ግን ሁለት ጉንጭ ትወስድና «ይበቃኛል፣ ለሌላ ሰው ይሁን» ብላ ትመልሰዋለች። ሾርባውንም እንደዚያው። ማራገቢያ ሲበራላት አጥፉልኝ ትላለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ያልሞከርኩት የለም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ቄስ አመጣሁላት። የክፍሉን ጠጠር በሙሉ ሰብስቤ መንገድ ዳር ደፋሁትና መጥቼ ነገርኳት። «ቲቸር፣ ጠጠሩን ብትደፊውም ከሰሉ ያው ነው» አለችኝ። እትዬ፣ እውነቷን ነው። ያስተማርኳት ሐሰት ቢሆን ኖሮ ዋሽቼሻለሁ ብዬ እገላገል ነበር። እውነት በመሆኑ መውጫ አጣሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ኛቦልን እናቷ ከማንጋቴን ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር አቅፋ እዚያው ድንኳን አመጣቻት። እነሱ ቤት ውሃ የሚፈላበት ከሰል መች ኖረና! ከረጢቷ ቀላል የነበረው ለዚያ ነው፤ እኔ ደግሞ ጎበዝ ብዬ ደወል አስይዤ አስጨበጨብኩላት። በማግስቱ ሞተች። ለሉሊት ሌላ ድንኳን ወስደዋታል አልኳት። ባዶውን አልጋ ስታይ ቆየችና «አሁን የኛቦል ከረጢት ባዶ ነው። ከዚያ በታች የለም። አሸነፈችኝ» አለች። ወጥቼ የድንኳኑን ገመድ ይዤ ጮህኩ።

ምን ብዬ ልመልስላት? እኔ የምለውን ከእንግዲህ አታምንም፤ አልፈርድባትም። እርስዎ ይጻፉላት። ሐቢብ ይህን ይዞ ነገ ይበራል፤ መልስዎን ሳልይዝ አልመለስም ብሏል። ስለ እኔ የፈለጉትን ይበሉ። ለእሷ ግን ይህን እንዳነበቡ፣ እዚያው እንደተቀመጡ ይጻፉላት።

ሔርሜላ


ከጠበሉ ቦታ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሔርሜላ፣

ልረግምሽ አፌን ከፍቼ ነበር። «ከዚህም በታች ማውረድ ትችያለሽ» ያልኩት ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ይቅር ብዬሻለሁም አልልሽም፤ እሱን ልጄ ውሃ ስትጠጣ እንነጋገርበታለን።

ከተማ ወርጄ ልደውልላት ተነሥቼ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ወደቅሁ፤ ተሸክመው መለሱኝ። አሁን ሾፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለእሷ አንብቢላት። አታሳምሪው። ስታነቢም እንዳታለቅሺ፤ ካለቀስሽ የምትናገሪው አንቺ ትሆኚያለሽ፣ እኔን አትሰማኝም።

ሉሊት፣ ይሙዬ ነኝ።

ጎበዝ ተማሪ ነሽ አሉኝ። እንግዲያው አጉድለሽ አትለኪ። ከረጢትሽ ውስጥ ሳይገባ የቀረ ብዙ ነገር አለ፤ አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ አታስታውሺውም።

ጁባ ውስጥ ተኩስ የተነሣ ጊዜ ከቤት መውጣት አይቻልም ነበር። ከሰል አለቀ። አንቺ ደግሞ ሆድሽን አሞሽ ትጮሂያለሽ። የምግብ ቤቱን ወንበሮች በመጥረቢያ ፈልጬ ውሃሽን አፈላሁበት። ወንበሮቹ ሲያልቁ ጠረጴዛ ጀመርኩ። ጠረጴዛው ሲያልቅ የጓዳውን በር ነቀልኩ። ተኩሱ ሳይበርድ፣ በር በሌለው ጓዳ አቅፌሽ ተቀምጬ፣ በሩ ሲነድ አይ ነበር። ያ ሁሉ እንጨት ዛፍ ነበር፣ ልጄ። ፈጀሁት። አንድም ቀን አልቆጨኝም። አንቺ ቀላል እንድትሆኚ አልነበረም የማነደው።

ኛቦል አላሸነፈችሽም። ኛቦል ድርሻዋን ሳትጠጣ ነው የሄደችው። ከረጢቷ ባዶ የነበረው የሚሞላላት ስላጣች ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እኛ ቤት የተረፈ የፈላ ውሃ በየቀኑ ይደፋ ነበር፣ እሷ ደግሞ ከአንቺ ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር።

ዛፉ ያሳዝንሻል፤ ያሳዝን። ለዛፍ የሚያዝኑት ልጆች እየደረቁ ካለቁ ግን የሚቀሩት የማያዝኑት ናቸው። ያኔ ዛፉን ማን ይድረስለት?

እኔ ደግሞ ዋሽቼሻለሁ። የያዘኝ ጨጓራ አይደለም። ሐኪሞቹ አትድኚም ብለውኛል፤ እኔ እድናለሁ ብዬ እዚህ በብርድ እንገላታለሁ። የምገላታው አንቺ ዘንድ ለመመለስ ነው። አንቺ ከሌለሽ ግን ዛሬውኑ እተወዋለሁ። ይህም ይመዘንልሽ።

ከረጢትሽ ይክበድ፣ ልጄ። ከብዶ ከብዶ፣ ስትሸከሚው ያስረጅሽ።


ጁባ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይመኙሻል፣

ሐቢብ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቤቱ እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። አንድ ቃል ሳልቀንስ አነበብኩላት። እንዳዘዙኝ አላለቀስኩም፤ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ የነበረችው ጣሂራ ናት።

ስጨርስ ሉሊት ወደ ግድግዳው ዞረች። ይህም አልሆነም ብዬ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ወንበሮቹ ስንት ነበሩ?» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

አላውቅም አልኳት።

«በሩስ? እሱም በእኔ ላይ ነው የሚቆጠረው?»

አዎ፣ ያንቺ ነው፤ ሁሉም ላንቺ ነው የነደደው አልኳት።

ያኔ ዞረችና ጨጓራ ካልሆነ ምንድን ነው አለችኝ። አልዋሸኋትም፤ ሐኪሞቹ ያሉትን እንዳለ ነገርኳት። እያየችኝ ሰማች። እንባ የሚሆን ውሃ እንኳ ሰውነቷ ውስጥ አልነበረም፤ ፊቷ ብቻ ተጨማደደ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ልታቅፈኝ መስሎኝ ጎንበስ ብል ወደ ኩባያው ነው። ሁለት ጉንጭ ጠጥታ እንደ ልማዷ ትመልሰዋለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ። አልመለሰችውም። እስከ ታች ጠጣችውና «ይሙዬ ብቻዋን ናት» አለች። ቀጥላም «ድገሚኝ» አለችኝ።

ሐኪሙ ገና ምንም አይልም፤ ኩላሊቷን እንደገና መርምሮ ነው የሚነግረን። እኔም ያልሰማሁትን አልጽፍልዎትም። ይህን የምጽፈው በሆስፒታሉ ጓሮ፣ አስታማሚዎች ምድጃ በሚያያይዙበት ቦታ ቁጭ ብዬ ነው። ከሰሉን አፉ ድረስ ሞልቼዋለሁ። ውሃው ፈላ፤ ልውሰድላት።

ሔርሜላ